በአራት ሚስማር መካከል

«ለአበባ ብሎ እኮ ነው» አለች የፋርማሲዋ ባለቤት፣ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ሴት ዘንበል ብላ። ሹክ ማለቷ ነበር፤ ዕድሜዋን ከባንኮኒ ጀርባ ሆና ደንበኛ ስትጠራ የኖረች ሴት ግን ሹክ ስትልም ጎረቤት ይሰማል። «የልጅ አባት፣ ስንት ቁም ነገር እያለ።»

እማማ ሰሙ። ዓይናቸው ነው እንጂ የደከመው ጆሯቸው ደህና ነው። ልጃቸው ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ሳሎኑ በኪራይ የፕላስቲክ ወንበር ተሞልቷል፤ የገባ ሁሉ ጎንበስ ብሎ «እግዜር ያጽናዎት» ይላል፤ እሳቸውም «አሜን» ይላሉ። ዓይናቸው ግን ከልጅ ልጃቸው ላይ አልተነሳም። ልጅቱ ሃያ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርቷታል። ከትናንት ጀምሮ እህል የሚባል አልቀመሰችም። የለበሰችው ስስ ሸሚዝ ነው፤ በሩ ደግሞ ተከፍቶ ነፋስ ይገባል። ብርድ ቢመታትስ?

«ለአበባ ብሎ» የሚለውን ቃል እሳቸው ራሳቸው ስንት ዓመት ሲሉት ኖረዋል። ከሰው አፍ ሲሰሙት ግን ደማቸው ፈላ።

ሟቹ ቀያሽ ነበር። በሥራ ቀን የሰው መሬት ይለካል፤ በእረፍት ቀኑ ካሜራውን አንግቶ ከከተማው ጀርባ ያለውን ተራራ ይወጣል። ዛፉ ከሚያልቅበት በላይ፣ ድንጋይና ነፋስ ብቻ ከሆነበት፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሰማያዊ አበባ አለች። በዓመት ስድስት ቀን ትፈካለች፣ ቢበዛ ሰባት፤ ከዚያ የለችም። እሷን ለማንሳት በሆዱ ይተኛል፤ ነፋሱ ጋብ እስኪልላት ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ መንገደኞች አይተውት፣ ሰው ሞቶ አገኘን ብለው የተራራውን ጠባቂ በሩጫ ጠርተውበታል። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ «እንሽላሊቱ» ይለው ጀመር። እሱ ይስቃል፤ እማማ ግን አይስቁም። ሆዱን ብርድ እንዳይመታው ከሸሚዙ ውስጥ ወፍራም ጨርቅ ደርበው ይሰፉለት ነበር።

ቀያሽ አይደል፣ አበባውንም የያዘው እንደ ሥራው ነው። ድንጋዩ ላይ አራት ሚስማር መታ። በየዓመቱ፣ አበባዋ ስትፈካ፣ በሚስማሮቹ መካከል ያለውን ያንኑ ቦታ መጀመሪያ ቆሞ፣ ቀጥሎ ተኝቶ ያነሳዋል።

«ትንሽ አለፍ ብትል የበለጠ ያማረች ታገኝ ይሆናል» ብለውት ያውቃሉ እማማ።

«ያማረችውን አይደለም የምፈልገው እማዬ፤ ያቺኑ ነው» አላቸው።

በመጀመሪያው ዓመት በሚስማሮቹ መካከል ሠላሳ አንድ አበባ ነበር። አምና፣ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ አሥራ አራት። ተራራው እየሞቀ ነው፤ አበባዋም ቅዝቃዜ ፍለጋ ወደ ላይ እየሸሸች ነው፤ ጫፉ ላይ ስትደርስ ከዚያ ወዲያ መሄጃ የላትም። ይህን ለማወቅ ያንኑ ቦታ ዓመት ከዓመት ማየት ያስፈልግ ነበር። ያየ ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ዘንድሮ በረዶው ለቅቆ እንደሆነ ሊያይ ሲወጣ፣ ዝናብ የሸረሸረው መንገድ ከእግሩ ሥር ከዳው።

ያገኘው ጠባቂው ነበር። ያው ጠባቂ ከቀትር በኋላ ለለቅሶ መጣ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ሻይ ቢሰጡት ሳይጠጣው ቀዘቀዘ። ቆይቶ ለልጅቱ ቀስ ብሎ ነገራት፤ በረዶው ለቅቋል፣ የመጀመሪያዎቹ እንቡጦች ትናንት ተከፍተዋል። አምስት ቀን ቢቀር ነው። የመጣበት መኪና ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ ተራራው ይመለሳል። ሌሊቱን ሚስቱ ዘንድ ብታርፍ፣ ጠዋት ወደ ሚስማሮቹ አብሯት ይወጣል።

ልጅቱ ተነሳች። ወደ ጓዳ ገብታ ጃኬትና የተራራ ጫማ አድርጋ ተመለሰች።

ኮንትራክተሩ አጎቷ፣ የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ በሩ ላይ ቆመ። ካሜራውን ከቀብር ማግስት ጀምሮ የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ የቆለፈበት እሱ ነው።

«የአባትሽ አፈር ሳይደርቅ?» አላት። «ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ብሎ ጨርሷል፣ አጎቴ።»

የፋርማሲዋ ባለቤት ብርጭቆዋ ላይ አቀረቀረች። ኮንትራክተሩ ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ፣ አንቺ ንገሪያት።»

ምን እንደሚሏት ሁሉም ያውቃል። እማማ እኮ ለአንዲት ሳል ሕፃን ልጅ ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት የሚያስቀሩ፣ ደመና ሲያዩ ስልክ የሚደውሉ ሴት ናቸው። «አትሄጂም» የሚለው ቃል በእውነትም ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር። አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«የሰባተኛው ዓመት ፎቶ የሌለው በእኔ ነው» አሉ።

ልጅቱ ቀና አለች። በአባቷ አልበም ውስጥ የሰባተኛው ዓመት ገጽ ባዶ መሆኑን ታውቃለች፤ ምክንያቱን ግን አባቷ ነግሯት አያውቅም።

እማማ ነገሩን በለቅሶተኛው ፊት ዘረገፉት። በዚያ ዓመት ሬዲዮው ዐውሎ ነፋስ ይመጣል አለ። እሳቸውም የካሜራውን ባትሪዎች ሰብስበው ከስፌት መኪናቸው መሳቢያ ሥር ሸጎጧቸው። እሱ ቤቱን ሲገለብጥ እሳቸውም አብረውት ሲገለብጡ ዋሉ፤ አልጋ አንስተዋል፣ ምንጣፍ አራግፈዋል፣ የቤቱን ድመት ሳይቀር ተቆጥተዋል። ዐውሎ ነፋሱ አልመጣም። ሌላ ባትሪ አስመጥቶ በስድስተኛው ቀን ሲወጣ አበባዋ ጠውልጋለች። ተመለሰ፤ ክፉ ቃል አልወጣውም። በዓመቱ ግን አበባዋ የምትፈካበት ሰሞን ሲደርስ ባትሪዎቹን ካልሲው ውስጥ ከትቶ፣ ካልሲውንም አጥልቆ ይተኛ ጀመር።

«ማወቁን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው» አሉ እማማ።

አንድ ሰው ፈገግ ማለቱን ሳል አስመስሎ ሊሸሽግ ሞከረ፤ ሳቁ ግን አመለጠው፤ ሳሎኑም ተከተለው። እማማ አልሳቁም።

«አዳንኩት ብዬ ነበር፤ ለካ ዕድሜውን ነው የቀነስኩበት። አንዷን ዓመት ሰርቄዋለሁ፤ ዘንድሮንም ልስረቀው?»

«ግን እማማ» አለች የፋርማሲዋ ባለቤት፣ ክፋት ሳይሆን ሐዘን ባለበት ድምፅ፣ «እሷም እንደ እሱ ብትሆንብዎትስ? ለአበባ ብላ?»

«አንቺ ነገ መድኃኒት ቤትሽ ውስጥ ብትሞቺ፣ ለክኒን ብላ ይባላል?»

ሴትዮዋ ብርጭቆዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«ሥራ ላይ ነው የሞተው ልጄ። ሥራ ላይ። ይህን ሳይዝ ከዚህ ቤት የሚወጣ ሰው ሻዬን በከንቱ ጠጣ።» ዓይናቸውን ከማንም አልሰበሩም። «ፈርቻለሁ። ከሁላችሁም በላይ ፈርቻለሁ። ልጅቱ ግን የእኔን ፍርሃት ተሸክማ እዚህ የምትቀመጥበት ዕዳ የለባትም።»

ከዚያ ጠባቂውን በጥያቄ ያዙት። በየትኛው መንገድ ነው የምትወስዳት? የተሸረሸረው ተዘግቷል፤ በወዲያኛው ጎን ነው፣ ሁለት ሰዓት ይረዝማል። ይርዘም። ገመድ አለህ? አለ። አሮጌ ነው አዲስ? ዘንድሮ የተገዛ ነው። ስትተኛ እግሯን የሚይዝላት አለ? እኔ እይዛለሁ አለ ሰውየው፤ በእጁ የጨበጠው ባርኔጣ እስከዚያ ቅርጹን አጥቶ ነበር። ነፋስ ከተነሳስ? እንመለሳለን። እሷ እምቢ ብትልስ? ጠባቂው ልጅቱን አየት አድርጎ፣ ተሸክሜያት እወርዳለሁ አለ።

ኮንትራክተሩ በሩን ለቀቀ። ወደ ውጭ ወጣ፤ የመኪናው ዕቃ መጫኛ ሲከፈትና ሲዘጋ ተሰማ፤ ሲመለስ የወንድሙን የካሜራ ቦርሳ ይዞ ነበር። ልጅቱ ትከሻ ላይ ሲያንጠለጥለው ማሰሪያው ረዘመባት፤ ቆሞ አሳጠረላት።

«በየሰዓቱ ደውይ» አላት፤ የእናቱ ልጅ ነው።

ልጅቱ ልትወጣ አንድ እርምጃ ስትራመድ እማማ የጫማዋ ክር ወለሉ ላይ ሲጎተት አዩ። ችኮላ ነው፤ እንደነገሩ ነው ያሰረችው። በዚህ ሁኔታ ድንጋይ ላይ ልትወጣ?

ከመቀመጫቸው ተነሱ። ወንበር ተደግፈው በዚያ ሁሉ ለቅሶተኛ ፊት ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። ሴቶቹ ደንግጠው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «እማዬ ተነሺ፣ እኔ አስራለሁ» አለ ኮንትራክተሩ እጁን እየዘረጋ። እጁን በክርናቸው ገፋ አደረጉት።

ክሩን ፈትተው ከታች ጀምረው አንድ በአንድ ሳቡት። ዓይናቸው ስለደከመ ቋጠሮው ሁለት ጊዜ ተፈታባቸው። በሦስተኛው ያዘ። በላዩ ላይ ሌላ ቋጠሮ ደገሙበት፤ ጠብቆ እንደሆነ በአውራ ጣታቸው ጫን ብለው ፈተሹት።

«ሌላውን እግርሽን አምጪ» አሏት።