ደዌና ደዋ

ደዋ ነው ያለችው፣ ደዋማ ቀላል ነው፣ መድኃኒት፣ ያስቸገራት ቀጥሎ የመጣው ነው፣ ዊቃያ፣ ዶክተር ሉጥፊያ ዊቃያ ብላ ትንሿን ብልቃጥ ከፍ አድርጋ እየጠበቀቻት ነው፣ ጀብራ ሰፈር በዚህ ግቢ የተሰበሰበው ሐበሻ ሁሉ ደግሞ የአስተርጓሚዋን የዱዓን አፍ አፏን ያያል። ዊቃያ። በሽታው ሳይመጣ ማገድ። በአማርኛ ስሙ ማን ነበር? መከላከያ? መከላከያ ወታደር አይደል እንዴ፣ እናቷ የአገር ቤቱን ቴሌቪዥን ስትከፍት መከላከያ የሚባለው መለዮ ለብሶ የሚሰለፈው ነው፣ ካርቱም ላይ ተቁሞ ለሰው ወታደር ዋጡ ይባላል? ወታደርስ በቅቶናል ወላሂ።

ትጠብቃለች ትላለች ዱዓ በመጨረሻ፣ ይቺ መድኃኒት ከኮሮና ትጠብቅሻለች፣ ከምላስሽ ሥር ታደርጊያታለሽ፣ ውሃ አትጠጪባትም። ሳቅ። ምን አልኩ ደግሞ? የሚስቀው ሻምበል ነው፣ ሰሞኑን በገዳሬፍ በኩል የመጣው ቀን ሠራተኛ፣ ጭምብሉን አገጩ ላይ አውርዶ፣ እህቴ፣ እኔን እኮ ነው አንቺ የምትዪኝ፣ ጢም ያላት ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ? እሷም ትስቃለች፣ ፊቷ ግን ይግላል። ምን ታድርግ፣ አማርኛን የለመደችው ከአንዲት ሴት አፍ ነው፣ ያቺ ሴት ደግሞ በአማርኛ የምታወራው ከእሷ ጋር ብቻ ነበር፣ ነይ፣ ብዪ፣ ተኚ፣ ቤታቸው ውስጥ አንተ የሚባል ሰው አልነበረም፣ አባቷ እንኳ በሕይወት ሳለ በዐረብኛ ነበር የሚጠራው። ግን ከእሷ ሌላ ማን አለ፣ እንደ ሻምበል ያሉት አዲሶቹ ዐረብኛ አይሰሙ፣ ዶክተሯ አማርኛ አትሰማ፣ መሀል ላይ ዱዓ።

ያቺ ሴት ከፊት ተቀምጣለች። ጸሐይወርቅ። እማ። የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ በነጠላዋ አፏን ይዛ። ሳለች። ደግሞ ሳለች። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሰው ቁጭ ብሎ እንዲህ ይተነፍሳል? ጠዋት ከአልጋዋ ተነሥታ በሩ ጋ ሳትደርስ ግድግዳ ይዛ ቆመች፣ ምን ሆንሽ እማ፣ ሙቀቱ ነው፣ የዘንድሮ ሙቀት። ሙቀት ከንፈር ያጠቁራል? ዐማራት ሰፈር የምትሠራበት ቤት እመቤት ሳል ይዘሽ እንዳትመጪ ብላ ከመለሰቻት ወዲህ ሳሏን እንደ ነውር ትደብቃለች፣ ሶባ ሆስፒታል እንሂድ ስትላት መልሷ ያው አንድ ነው፣ አግልለው ነው የሚያስተኙት፣ ዘመድ አያስገቡም፣ እኔ ብቻዬን መሞት አልፈልግም ዱዓዬ። ስለ መሞት ማን አወራ! ብላ ጮኸችባት ትናንት። መጮኽ አልነበረባትም።

ተርጉሚላቸው ሐቢብቲ፣ ትላለች ዶክተሯ፣ የሚሠራው ከመርዝ ነው፣ አይደንግጡ፣ አንድ ጠብታ መርዝ በጠርሙስ ውሃ፣ ይናጣል፣ ከዚያ ውሃ አንድ ጠብታ በሌላ ጠርሙስ ውሃ፣ ይናጣል፣ እንደገና፣ እንደገና፣ መርዙ ያልቃል፣ ኃይሉ ይቀራል፣ ጤነኛውን የሚያሳምም ነገር እንዲህ ሲቀጥን በሽተኛውን ያድናል። ያ ሰላም፣ ይሄ ደግሞ በአማርኛ እንዴት ይባላል? እሾህን በእሾህ። ከየት መጣላት፣ ከእማ ነው፣ እግሯን እሾህ የወጋት ጊዜ። እሾህን በእሾህ ነው የምትለው ትላለች፣ ግቢው በሙሉ አሃ ይላል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ገባቸው፣ ለምን እንዲህ ቶሎ ገባቸው? እሾህ እሾህን የሚያወጣው ግን ሾሉ እያለ ነው፣ ታጥቦ ታጥቦ ውሃ የሆነ እሾህ ምን ይነቅላል? ዝም በይ። ተርጓሚ ነሽ፣ ምን አገባሽ።

ልጅ ሆና እማ ማታ ማታ ስትጸልይ ልጄን ከደዌ ሰውርልኝ ትል ነበር፣ ዱዓ ደግሞ ደዋ የምትል ይመስላታል፣ ሰፈሩ ሁሉ መድኃኒትን ደዋ ይል የለ፣ እና እግዜር ሆይ ልጄን ከመድኃኒት ሰውርልኝ። ትኩሳት ሲይዛት ሽሮፑን አልጠጣም ብላ አፏን ገጠመች፣ አንቺው አይደለሽ እንዴ እግዜርን የለመንሽው? እማ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ፣ ለጎረቤት ሁሉ አወራች፣ ልጄ ደዌን ከደዋ አትለይም! አሁንስ ትለያለች? በዶክተሯ እጅ ያለው የትኛው ነው? ምናልባት አንዱም አይደል። ስኳር ነው። ቀምሳዋለች፣ ስኳር ስኳር ይላል።

ክፉ ሰው ብትሆንማ ምንኛ በቀለለ። ሉጥፊያ ግን ክፉ አይደለችም፣ የድሮው መንግሥት በወደቀበት በሰልፉ ሰሞን ቡምባን የሚሉት አስለቃሽ ጭስ ዓይኗን ያጠፋት ሲመስላት ያጠበቻት ማን ሆነና፣ ጥይቱ ሲጀምር ክንዷን ይዛ ደረጃ ሥር የጎተተቻት፣ በገዛ ጀርባዋ የከለለቻት፣ ያ ጀርባ ሲንቀጠቀጥ ዱዓ በደረቷ ሰምታዋለች። ህንድ አገር የተማረች ሰው፣ ዐማራት ተቀምጣ ሀብታም ማከም ስትችል ጀብራ መጥታ በነጻ ታድላለች። ታምንበታለች እኮ! ራሷም ትውጠዋለች፣ ለገዛ ልጇም ትሰጠዋለች። ኦክስጅን የለም፣ አልጋ የለም፣ ቤንዚን የለም፣ አዲሱ መንግሥት ገና በዳዴ ላይ ነው፣ ወረርሽኙ በራችን እስኪደርስ እጃችንን አጣጥፈን እንጠብቅ? ያለን ይሄ ነው፣ ባለን እንዘጋጅ ትላለች። ሳሙናውንና ባልዲውን ያመጣችው እሷ፣ ተራርቃችሁ ተቀመጡ ያለችው እሷ፣ የሰፈሩን ኮሚቴ ያስተባበረችው እሷ፣ የኮሚቴው ጣይብ በሰዓት እላፊው የመንቀሳቀሻ ፈቃድ አግኝቶ አምጃድ የምትባለውን ሚኒባሱን ይኸው በር ላይ ያቆመው በእሷ ነው። ሁሉም ደግ። ብልቃጧ ብቻ።

እጅ ተነሣ። የማን ነው? የእማ።

ዱዓዬ፣ ዶክተሯን ጠይቂልኝ፣ ትላለች እማ፣ በየቃሉ መሀል እየተነፈሰች፣ ይህችን ከዋጥኩ ሶባ መሄዱ ይቀርልኛል ወይ?

ሁሉም ሊጠይቅ የፈለገው ይህን ነበር ለካ። ዱዓ በዐረብኛ ታቀብላለች፣ ቃል በቃል፣ ምንም ሳትጨምር። ሉጥፊያ ትቀርባለች፣ እማን ከላይ እስከ ታች ታያታለች፣ ከጭምብሏ በላይ ዓይኖቿ ይስቃሉ፣ የደግ ሰው ዓይን፣ ላ ላ፣ ሶባ ምን ያደርግላታል፣ በሽታው ያለው እዚያ አይደል፣ ቤቷ ትረፍ፣ ጠዋትና ማታ ከዚህ ትውሰድ፣ በሳምንቱ መጥቼ አያታለሁ ኢንሻአላህ፣ በያት።

በሳምንቱ።

በያት ተባለች፣ ይህን መተርጎም ምን ያቅታል፣ ቤትሽ ዕረፊ፣ የወጥ ቤት አማርኛ ነው፣ አንቺውም አይሳሳት፣ እማን አንቺ ብላ ተሳስታ አታውቅም፣ በያትና ግቢው ይረጋጋ፣ እማ ትደሰት፣ እስከ ሳምንት፣ ሳምንት እንዴት ያለ ረጅም ነገር ነው፣ ያ ትከሻ ሳምንት ሙሉ ከፍ ዝቅ ሊል ነው? ከንፈሯ። ያ ጀርባስ፣ ደረጃ ሥር የተንቀጠቀጠልሽ ጀርባ፣ ውለታ እንዲህ ይመለሳል፣ በሰው ፊት፣ ሁሉም ያመነሽ አፍሽን ብሎ ነው፣ ያላለችውን ካልሽ ውሸታም ነሽ፣ ያለችውን ካልሽስ? እናትሽን፣ በገዛ አፍሽ፣ እናትሽን! ያላ፣ ተናገሪ፣ ሰው እየጠበቀ ነው፣ ተናገሪ።

ዶክተሯ፣ ትላለች ዱዓ፣ ድምጿ የሌላ ሰው ይመስላታል፣ ዶክተሯ አሁኑኑ ሶባ ሂጂ አለች። ይሄ ነገር ለታመመ ሰው አይሆንም አለች። ትንፋሽ ያጠረው ሁሉ ሆስፒታል ይሂድ አለች።

ሶባ? የምትለው ሉጥፊያ ናት፣ ስለ ሶባ ምንድን ነው ያልሻት? ወይ ሶባ፣ ቦታ አይተረጎም፣ በአማርኛም ሶባ ሶባ ነው። ይቅርታ ዶክተር ትላለች በዐረብኛ፣ ከንፈሯን እዪው፣ አንቺ እናትሽ ብትሆን በሳምንቱ ትዪያት ነበር? የሉጥፊያ ዓይኖች መሳቃቸውን ያቆማሉ፣ ወደ እማ ከንፈር ይወርዳሉ፣ እዚያው ይቆያሉ፣ ብልቃጧን የያዘው እጅ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ወንበር ይንቋቋል። እማ እየተነሣች ነው፣ የወንበሩን ክንድ ይዛ፣ ዶክተሯ ካለችማ፣ ትላለች ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ ሐኪም ያለውን እንቢ ይባላል? ሻምበል እየሮጠ ጣይብን ሊጠራ ይወጣል። ዱዓ ብብቷ ሥር ገብታ ትደግፋታለች፣ እንዴት ቀለለች፣ እንዴት ትግላለች፣ እና ያን ጊዜ ነው ትዝ የሚላት፣ በአንድ ጊዜ፣ እማ ዐረብኛ ታውቃለች። ሃያ ዓመት ዐማራት ሠርታ፣ ከዐረብ አግብታ ወልዳ፣ ከሱቅ ነጋዴ በዐረብኛ ተጨቃጭቃ፣ እንዴት አታውቅም! ላ ላ የተባለውን ሰምታለች፣ ቤቷ ትረፍ የተባለውን ሰምታለች፣ በሳምንቱም። ታዲያ ለምን በአማርኛ ጠየቀች? ዶክተሯን አልነበረማ የጠየቀችው።

በሩ ጋ ሲደርሱ እማ ትቆማለች፣ ትተነፍሳለች፣ ነጠላዋን ከአፏ ዝቅ አድርጋ ወደ ጆሮዋ ትጠጋለች፣ ለልጇ ብቻ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ልጇን ባላናገረችበት ቋንቋ፣ ማ ተኸሊኒ በራይ ትላታለች፣ ብቻዬን እንዳትተዪኝ።

አልተውሽም ትላለች ዱዓ፣ ዘመድ እንደማያስገቡ ሁለቱም እያወቁ።