ባሕር ዳር፣ ከካርቶንና ከፌስታል

፩

ሰማያዊ ፌስታል ሰብስቢ። አዲስ እንዳትገዢ፤ ከየጎረቤቱ ለምኚ። ጥቁሩን ተዪው።

ውባለም ጥቁሩንም ወሰደች። ባሕር ሰማያዊ ብቻ እንዳልሆነ ልቧ ነግሯታል፤ ልቧ ደግሞ ሰሞኑን ክፉ ክፉውን ብቻ ነው የሚነግራት።

፪

(ታሪኩን ቆራርጬ የማቀርብልህ ካርቶኑም ተቆራርጦ ስለሆነ ነው፣ አንባቢ ሆይ። ቅር አይበልህ።)

ኮምቦልቻ፣ እነ ውባለም ቤት፣ ከምሳ በኋላ። ስልኩ ስፒከር ላይ ነው። የሚደውለው ወንድሟ ነው፤ ሥራ ፍለጋ ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቶ ከርሟል።

እናት፦ ምንይችል! የት ነህ ልጄ?
ምንይችል፦ ባሕር ዳር ነኝ፣ እማ።
እናት፦ እሰይ የኔ ልጅ! ሥራስ አገኘህ?
ምንይችል፦ ሰሞኑን ጀልባ ላይ እወጣለሁ። ጸልዪልኝ።
እናት፦ ጣና ላይ! ቱሪስት ልታመላልስ! እልልልል...

ተቋረጠ።

፫

እናትየዋ፣ ወይዘሮ አሰገደች፣ የስልክ ቁጥር የማየት ልማድ የላቸውም። ሲጠራ ያነሳሉ፣ ወሬው ሲያልቅ ይዘጋሉ። ውባለም ግን አየች። ቁጥሩ በ251 አይጀምርም። በ218 ነው የሚጀምረው።

ሊቢያ።

ልጁ አልዋሸም እኮ። ባሕር ዳር ነው ያለው።

ባሕሩ

ዳር።

፬

ሰፈሩ «እንኳን ደስ ያለዎት» እያለ ሲመላለስ፣ ወይዘሮ አሰገደች ደስታቸውን የሚያደርጉበት አጡ።

«የሰፈሩን መዋለ ሕፃናት ያስጌጥሽበትን እጅ እስቲ ለእኔም አሳዪኝ» አሏት። «ባሕር ዳርን ግድግዳው ላይ አድርጊልኝ። ልጄ ያለበትን እያየሁ ልዋል።»

ውባለም ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። የእናቷ ደም ግፊት ትዝ አላትና መልሳ ዘጋችው። ፈራች። ሌላ ስም የለውም፣ ፈራች።

፭

ካርቶኑን በማዕበል ቅርጽ ቁረጪ። ፌስታሉን አልብሰሽ በዱቄት ሙጫ ለጥፊ። ከግንባታ ቦታ የተረፈ አሸዋ ነፍተሽ ከሥር ነስንሺ። የተሰባበረ የእንቁላል ቅርፊት ለዛጎል ይሆናል። የሽንኩርቱን መረብ ከጎን ስቀዪው፤ የዓሣ ማጥመጃ ይመስላል።

እጅሽ ከተንቀጠቀጠ ማዕበሉ ይበዛል።

በዛ።

፮

«ምነው ውቤ፣ ጣናን እንዲህ አስቆጣሽው?»

«ነፋስ ነው፣ እማ።»

«ማዶውስ? ማዶው የታል?»

ውባለም ግድግዳውን አየች። ከዳር እስከ ዳር ውሃ ብቻ ነው። ማዶ መሥራት ረስታለች።

«ማዶ የሌለው ውሃ ምን ውሃ ነው?» አሉ እናቷ እየሳቁ። «ልጄ ሰዉን ጭኖ የት ሊያወርደው ነው?»

ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ፊቷን ታጥባ ስትመለስ ከሳሙና ካርቶን ላይ ለማዶው የሚሆን ቀጭን አረንጓዴ ቆረጠች፤ ወንበር ላይ ወጥታም ጣሪያው ሥር ለጠፈችው። ሩቅ ነበር። ዝቅ ልታደርገው ፈለገች፣ ሙጫው ግን ይዞት ነበር።

፯

ጀልባ። ከክብሪት ቀፎ።

ወይዘሮ አሰገደች የምንይችልን ጉርድ ፎቶ በመቀስ ዙሪያውን ከርክመው ቀፎው ውስጥ አቆሙት። «ይኸው ልጄ!» አሉና ሳሙት።

ውባለም ጀልባዋን ይዛ ወንበሩ ላይ ወጣች። ምንም አትከብድም። ያስፈራትም ይኸው ነው፤ ሰው የያዘ ነገር እንዴት አይከብድም?

ዳር ላይ ብትለጥፋት፣ ልጁ እዚያው ቀረ። መሃል? ማሟረት ነው፣ አፍ አይናገረው። ማዶ ላይ እንዳታደርሰው፣ ወሬው ሳይሰማ ፈጣሪን መቅደም መሰላት።

፰

ስልኩ ጮኸ።

እናትየዋ አነሱ። «ሃሎ? አዎ፣ እናቱ ነኝ... ማን ልበል? ... ጎሽ፣ ጎሽ!»

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ፊታቸው በርቷል።

«ውቤ፣ የምንይችል ጓደኛ ነው! "ከእሱ ጋር አንድ ጀልባ ላይ ነበርን" ይላል። አብረው ነው የሚሠሩት! ኔትወርኩ ለእኔ አልሰማ አለኝ፤ እንቺ፣ አንቺ አናግሪው።»

ውባለም በአንድ እጇ ስልኩን ተቀበለች። በሌላኛው ጀልባዋን ይዛለች፤ ከጀልባዋ ጀርባ የተቀባው ሙጫ እየደረቀ ነው።

«ሃሎ» አለች።

ሰውየው ተናገረ።

«ምን አለሽ?» አሉ እናቷ። «በይ እንጂ ለጥፊያት!»

፱

ጀልባዋን እዚህ ለጥፊ፦