የጾም ማኪያቶ

አኩሪ አተሩን ከዋዜማው ነክሬው አድሬ፣ ማለዳ ልጣጩን አሽቼ አወጣሁ፤ ፈጨሁት፤ በነጭ ጨርቅ አጠለልሁት፤ ከዚያም እንዳይገነፍል እያማሰልሁ አፈላሁት። የአኩሪ አተር ወተት ቸኩለው ካወረዱት የጥሬ እህል ሽታው አይለቀውም፤ ታግሠው ካበሰሉት ግን በባትሪ በምትሽከረከረው ትንሽ መምቻዬ ሲመታ የላም ወተት ያህል አረፋ ይሠራል። የቡና ማፍያ ሞካዬን አጠብሁ፤ የጉጂውን ቡና ፈጭቼ ከድኜ አስቀመጥሁ። ረመዳን አልፎ ነበር፤ ሁዳዴ ግን ስድስተኛ ሳምንቱን መያዙ ነው።

የምጠብቃቸው እንግዳ ወይዘሮ ዘመናይ ናቸው። አዳማ ላይ ሆቴል አላቸው፤ ለሆቴሉ ሽንኩርትና ቲማቲም ለመግዛት በየአሥራ አምስት ቀኑ እኛ ከተማ፣ መቂ፣ ይመጣሉ። የሚያስጭንላቸው ደላላ ጎረቤታችን አብዱልጀባር ነው። እርሱም የእኔን ማኪያቶ አዳማ ላይ እንኳ እንደማያገኙት ደጋግሞ ስለ ነገራቸው፣ «እንዳልከው ከሆነ የሆቴሌን የቡና ሥራ ለልጅቷ እሰጣታለሁ» ብለውት ነበር።

እኔ ግን ከቡናው ይልቅ ተስፋዬን የጣልሁት በውሃው ላይ ነበር። ጥርሴ ቡናማ ነው፤ ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍናለሁ። የእናቴም፣ የሰፈራችን ሰው ሁሉ ጥርስ እንደዚያው ነው። የጉድጓዳችን ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ጥርስን የሚያበላሸውም ገና ከድድ ሥር ሳለ ነው። ይህን የተማርሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ኬሚስትሪ ከክፍሌ አንደኛ ሆኜ ስመረቅ የመመረቂያ ጽሑፌ ስለዚሁ ነበር፤ ወደ ቤት እንደ ተመለስሁም በሁለት ባልዲ ማጣሪያ ሠራሁ። ታናሽ እህቴ ኮከብ ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም። ቋሚ ጥርሶቿ ድዷ ውስጥ ናቸው፤ እነርሱን ለማዳን ጊዜ ነበረኝ።

ለጎረቤቶቻችን ማጣሪያ ልሥራላችሁ ብል፣ «ውሃ ውሃ ነው፤ አያቶቻችንም የጠጡት ይህንኑ ነው» ብለው ሳቁብኝ። ስለዚህ መንገዱን ቀየርሁ። ሰው ለጤናው ያላደረገውን ለጣዕም ሲል ያደርገዋል ብዬ አመንሁ። በአዳማ ሆቴል የሚጠጣ ማኪያቶ በእኔ ውሃ ቢፈላ፣ የሳቁብኝ ሁሉ ባልዲ ይዘው ይመጣሉ ብዬ ነበር ያሰብሁት።

ወይዘሮ ዘመናይ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ መጡ። አብዱልጀባር ቀድሟቸው ገባ።

«አካም ጅርቱ፣ ያ ጋዲሴ! ሚዜ ሆኜ መጥቻለሁ፤ ሙሽራዋ ማኪያቶሽ ናት። አሳፍሪኝና ሽንኩርት ተሸካሚ አደርግሻለሁ!»

እናቴ ሙሉአለም ወንበሩን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ እንግዳዋን አስቀመጠች። እኔ ቡናውን አፍልቼ፣ አረፋውን በማንኪያ ጀርባ አስተኝቼ፣ ሦስቱ ቀለማት በብርጭቆው ውስጥ ተለያይተው እንደ ቆሙ አቀረብሁ። ወይዘሮ ዘመናይ አዩት፤ ግን አልነኩትም።

«ልጄ፣ እኔ ጿሚ ነኝ።»

«የጾም ነው፣ እትዬ። ከአኩሪ አተር ራሴ ያዘጋጀሁት ነው። ወተት የነካው ዕቃ እንኳ አልተጠቀምሁም።»

ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ደገሙ።

«እኛ ዘንድ የጾም ማኪያቶ ብለው የሚያመጡልኝ እንደ ሽሮ የወፈረ ነው፤ በእንጀራ ካልሆነ አይወርድም። ይሄ ግን ማኪያቶ ነው።»

አብዱልጀባር ሦስተኛውን ብርጭቆ እየተቀበለ፣ «አላልኩዎትም? ለልጆቼ እንኳ ትናንት ወስጄላቸው እየተሻሙ ነው የጨረሱት» አለ።

«ይሄ ውሃ ግን የየት ነው?» አሉ ወይዘሮ ዘመናይ። «እዚህ አገር ሻይ በጠጣሁ ቁጥር ሳሙና ሳሙና ይለኛል።»

ስጠብቀው የኖርሁት ጥያቄ ይህ ነበር።

«የዚሁ ጉድጓድ ነው፣ እትዬ። በከሰል አጣርቼው ነው።»

«እሱን ከሰል ለሆቴሌም ትሠሪልኛለሽ። የምን ከሰል ነው?»

«የግራር ነዋ!» አለ አብዱልጀባር በእኔ ፈንታ። «እዚህ ሌላ ምን እንጨት አለን?»

በአዎንታ ራሴን መነቅነቅ ብቻ ይበቃኝ ነበር። ነገር ግን ሥራዬን በውሸት ላይ ልመሠርት አልፈለግሁም፤ ደግሞም፣ እውነቱን እናገራለሁ፣ የሚያሳፍር ነገር መኖሩ በሐሳቤም አልመጣም።

«የግራር አይደለም። የአጥንት ነው፤ የበሬ አጥንት። ፍሎራይድን የሚይዘው እርሱ ነው» ብዬ ስለ ጥርስ፣ ስለ ሕፃናት፣ ስለ ባልዲዎቹ ማስረዳት ጀመርሁ። ብቻዬን እያወራሁ መሆኔን ያስተዋልሁት ዘግይቼ ነው።

ወይዘሮ ዘመናይ ብርጭቆውን በሁለት ጣታቸው ይዘው ከፊታቸው አራቁት።

«የበሬ? በሁዳዴ?»

«ተቃጥሏል፣ እትዬ! ሥጋም ቅባትም አልቀረለትም። የቀረው ማዕድን ብቻ ነው።»

«ቆይ፣ ቆይ» አለ አብዱልጀባር። ሳቁ ከፊቱ ጠፍቷል። «አጥንቱን ከየት አመጣሽው?»

«ከማናሴ ሥጋ ቤት።»

«ከክርስቲያን ሥጋ ቤት።»

«በእሳት ነዶ አልቋል እኮ፣ አብዱልጀባር!»

«ማን አረደው ነው ያልኩሽ፤ ማን አቃጠለው መች አልኩሽ! ለልጆቼ በእጄ ነው ያጠጣሁት።» ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠው። «ጎሽ! ጿሚውንም ሙስሊሙንም በአንድ ባልዲ አስቀየምሽን። ይሄን የቻለ ፖለቲከኛ እንኳ አላየሁም።»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ከሰል ነው ያልሽኝ» አለች ቀስ ብላ።

«ከሰል ነው፣ እማዬ።»

«ከሰል ነው ያልሽኝ። ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ ሽሮዬን የሠራሁት በዚህ ውሃ ነው።»

አልዋሸኋትም። ባለፈው ዓመት በመጀመሪያ በትምህርት ቤት ቃል አስረዳኋት፤ ሳይገባት ሲቀር ከሰል ነው አልኋት። አጥንቱን ያቃጠልሁትም የፈጨሁትም እዚያው ሥጋ ቤቱ ጓሮ ስለ ነበር፣ ወደ ቤት የገባው በጆንያ የታሰረ ጥቁር ዱቄት ብቻ ነው። ከምን እንደ ሆነ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልጨመርሁላትም። ለማላውቃቸው ሴት በአንድ ጥያቄ የዘረዘርሁትን ለእናቴ አለመናገሬ የታወቀኝ በዚያች ቅጽበት ነው።

«አፌን የምጉመጠመጥበት ውሃ ስጡኝ» አሉ ወይዘሮ ዘመናይ። እናቴ በማሰሮው የነበረውን የተጣራ ውሃ አልፋ፣ ከደጅ ከጀሪካኑ ቀድታ አመጣችላቸው። ተጉመጥምጠው ተፉ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። አልተቆጡኝም። ትከሻዬን ዳበስ አደረጉኝ።

«እጅሽ የተባረከ ነው፣ ልጄ። ግን ይህ ወሬ ሆቴሌ ከደረሰ በማግስቱ በሬን መዝጋቴ ነው። ቢያንስ ዝም ማለት ነበረብሽ።»

በማግስቱ ጠዋት እናቴ የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄደች። ስትመለስ ደጅ ላይ ጠበቅኋት።

«ምን አሉሽ?»

«የተቃጠለ አጥንት አመድ ነው፤ ጾም አይሽርም፤ ደግሞም ሳታውቂ ነው አሉኝ። ልጅቷንም አትቆጫት ብለውኛል።»

በደስታ እጇን ያዝሁ። «እንግዲያው ምን ችግር አለ፣ እማዬ?»

«አባ ፈቀዱ። ሆዴ ግን አልፈቀደም።» እጇን አስለቀቀች። «ደግሞስ ጉድጓዱ ጋ ተሰልፎ የሚያወራው አባ አይደሉ፤ ሰፈሩ ነው። ዛሬ ስደርስ ጀሪካናቸውን ከጀሪካኔ አራቁት። አውቀሻል? አራቁት።»

«የኮከብ ጥርስስ?»

«የእኔ ጥርስ ምን ሆነ? አላገባሁበትም? አልወለድሁሽም?»

ልመልስላት የምችለው ብዙ ነበር፤ ቁጥርም፣ ሠንጠረዥም ነበረኝ። እርሷ ግን ባልዲዎቹን አንስታ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ጥቁሩን ዱቄት በሽንኩርቱ መደብ ዳር ደፋችው። የጎረቤት ውሻ እየሮጠ መጣ፤ አሸተተ፤ በእግሩ ጫር ጫር አደረገና ትቶት ሄደ። ውሻ እንኳ ያላወቀውን አጥንት ሰፈሩ ሁሉ አውቆት ነበር።

ባልዲዎቹን በሳሙና ፈተገቻቸው፤ ከጉድጓዱ በመጣው ውሃ ሞላቻቸው። ኮከብ ከእንቅልፏ ነቅታ ዓይኗን እያሸች ወጣች።

«ውሃ» አለች።

«ቆዪ፣ ኮኪ፤ እኔ አፈላልሻለሁ» አልሁ። ማፍላት ፍሎራይዱን ጨርሶ እንደማይቀንሰው ከማንም በላይ አውቃለሁ።

«በእኔ ቤት ውሃ የሚከለከል ልጅ የለም» አለች እናቴ፤ በፕላስቲክ ኩባያ ቀድታም ሰጠቻት።

ኮከብ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ እስከ ታች ጨለጠችው። ከዚያም በነጫጭ የወተት ጥርሶቿ ሳቀችልኝና ኩባያውን ለእናቴ መልሳ ዘረጋች።

«ጨምሪልኝ።»