የፎዚያ አባያ

ጅዳ፣ በኒ ማሊክ ሰፈር ውስጥ፣ ከተዘጋው ፀጉር ቤት ፊት ለፊት ባለችው ጥላ ሥር የሚቀመጡ ሞተረኞች የማያውቁት ነገር የለም። የትኛው ሕንፃ ዘበኛ አሳንሰር እንደሚከለክል፣ የትኛው ጎማ ሙቀት እንደማይችል፣ የማን ከፊል፣ ያም አሠሪው፣ ፊቱን እንዳጠቆረ፣ በሁሉም ላይ አስተያየት አላቸው። ሥራ ሲቀዘቅዝ ስኩተሮቻቸውን ደርድረው፣ ሻያቸውን በወረቀት ኩባያ ይዘው፣ እዚያ የሌለውን ሰው ጉዳይ ያያሉ። ካለፈው ረመዳን ወዲህ ዋናው ጉዳያቸው የተውፊቅ አወዳደቅ ነበር።

ተውፊቅ የባቲ ልጅ ነው። ለአንድ ምግብ ቤት በስኩተር ምግብ ያደርስ ነበር፤ ከወደቀ በኋላ ግን እዚያው ምግብ ቤት ጓዳ ገብቶ ሽንኩርት ይልጣል። የወደቀው ሩዋይስ ሰፈር ውስጥ፣ በመግሪብ ሶላት ሰዓት፣ ሚስቱን ፎዚያን ከኋላው አስቀምጦ ሲሄድ ነው። የፎዚያ መዳፎች ተላጡ፤ የእሱ የቀኝ እግር አጥንት ተሰበረ። ከዚያች ሰዓት የሚያስታውሰው የአንድ ፋርማሲ አረንጓዴ መብራት ብቻ ነው። ከመብራቱ ቀጥሎ የመጣለት የሆስፒታል ጣሪያ ነበር።

እንዴት እንደወደቀ የነገሩት እንግዲህ ጓደኞቹ ናቸው። የፎዚያ አባያ፣ ያ ረጅም ጥቁር መደረቢያዋ፣ ጫፉ ከኋላ ጎማ ገባ፣ ጎማው ጠመጠመው፣ ስኩተሩ ድርቅ ብሎ ቆመ፣ እነሱ በረሩ። ይህን ለከሊል የነገረችው ራሷ ፎዚያ ናት፤ ያኔ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ መዳፎቿ በፋሻ እንደተጠቀለሉ። ለከሊል ከነገሩት ደግሞ ለጅዳ ሁሉ ነገሩት ማለት ነው።

ከሊል ከሞተረኞቹ ሁሉ የቆየው ነው። ማንም ሳይሾመው ዳኛ ሆኗል። «ሴት በአባያ ከኋላ አትጫን ብዬ ስንቴ ተናገርኩ?» ይላል ሻዩን እየማገ። «ጨርቅና ጎማ አይዋደዱም። ኸላስ፣ አለቀ!» ሌላው ሞተረኛ ኢስማኢል ግን ነገሩ የሰው ዓይን ነው ባይ ነው። ስኩተሯ አዲስ ነበረች፣ ያየ ሁሉ ማሻአላህ አላለም። ቢሆንም እሱም ዞሮ ዞሮ አባያው ላይ ይስማማል። ከጊዜ በኋላ ነገሩ መቀለጃ ሆነ። አንዱ ሥራ ተጠርቶ ሲነሳ ሌሎቹ በአንድ ድምፅ «አባያህን ሰብስብ!» ይሉታል። ተውፊቅም አብሯቸው ይስቃል።

መሳቅ አልነበረበትም። ፎዚያ መካ ውስጥ በአንድ ቤት ሠራተኛ ናት፤ አሠሪዋ ማዳም ስትፈቅድላት ጁሙዓ ጁሙዓ እሱን ልታይ ትመጣለች። በሞተረኞቹ ጥላ በኩል ስታልፍ የአባያዋን ጫፍ በጭብጧ ጨምድዳ ነው። ትንሽ ራቅ ስትል ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ይጠቃቀሳሉ። ተውፊቅ ይህን በዓይኑ ያያል። አንድም ቀን ግን ተዉ ብሏቸው አያውቅም። የጣለው ሌላ ሰው መሆኑ ተመችቶታል፤ ምቾቱን ለራሱም አልነገረውም።

እግሩ ከዳነ ሰነባብቷል። ትንሽ ያነክሳል እንጂ ይራመዳል። ስኩተሯ ግን በላስቲክ እንደተሸፈነች ቆማለች። ጠዋት ጠዋት አቧራዋን ይጠርግላታል። አንድ ቀን ቁልፉን አስገብቶ አስነሳት፣ ወጥቶ ተቀመጠባት፣ ከዚያ ሳትንቀሳቀስ መልሶ አጠፋት። ከሊል ከሩቅ አይቶት ኖሮ የተለመደ ፍርዱን ሰጠ።

«ስማ ተውፊቅ። ሞተረኛ የሚያልቅለት እግሩ ሲሰበር አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነው ያለ ቀን ነው። እጁን ማመን ያቆማል፣ ቁልፉን ይሸጣል። አንተን ግን የጣለህ ጨርቅ ነው። አንድ ቀን ትወጣለህ፣ ወላሂ! ገና ያኔ ሆስፒታል ለሚስትህም ነግሬያታለሁ።»

ያ አንድ ቀን የመጣው በጁሙዓ ነው። ሶላቱ አልቆ ሁሉም ጥላዋ ሥር ተሰብስበው ነበር። የተውፊቅ ስልክ ጠራ። ፎዚያ በሹክሹክታ ነበር የምታወራው።

«ተውፊቅ፣ ሾፌሩ ጥሎን ሄደ።»

«የት?»

«ወደ አንተ ስንመጣ፣ ሹመይሲ ሳንደርስ፣ በድሮው የመካ መንገድ። ከፊት ፍተሻ አለ ብለው ደወሉለት። ኢቃማ የሌላችሁ ውረዱ፣ በናንተ ጦስ መኪናዬን አልወረስም አለ። ሌሎቹ ወደ በረሃው ሮጡ። እኔ አንድ የተዘጋ ጎማ ቤት አለ፣ ከጀርባው ነኝ።»

«ያንቺ ኢቃማስ? የመኖሪያ ፈቃድሽ የት ነው?»

«ማዳም ቤት ነው፣ እሷ ናት የምትቆልፍበት። ስልኳን አጥፍታ ተኝታለች። የጀዋዛት ፖሊስ መኪና ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ተውፊቅ። ካገኙኝ እኮ ማጎሪያው እዚሁ ነው። አንዴ ከገባሁ ማን ይሰማኛል? ማዳም እስክትነቃ አሻራዬን ወስደው...» ድምጿ ተቆረጠ።

የተውፊቅ ወሽመጥ ቁርጥ አለ። ሹመይሲ ማጎሪያ የገባ ሰው የሚወጣው ወደ አውሮፕላን ነው፤ ይህን እዚያ ጥላ ሥር ያለ ሁሉ ያውቃል። ተመልሶ ላለመምጣት አሻራ ሰጥቶ ነው የሚሄደው። ከዚያ በኋላ እሱ ጅዳ፣ እሷ ባቲ ናቸው።

ወዲያው አስተያየት ይዘንብ ጀመር። ኢስማኢል ታክሲ ይላክላት አለ። ሌላው ታክሲ እዚያ ቦታ ላይ ብቻዋን የቆመች ሐበሻ አያነሳም አለው። ከሊል ሻዩን ደፍቶ ብድግ አለ፣ «እኔ እሄዳለሁ፣ ያላ» ብሎ ቁልፉን አወጣና ቆም አለ።

«የሰው ሚስት ከኋላዬ ይዛኝ ልትሄድ ነው? አስተግፊሩላህ። እኔ እሺ ብልም እሷ አትወጣም።»

እውነቱን ነው፤ አትወጣም። ሁሉም ወደ ተውፊቅ ዞሩ። ተውፊቅ ላስቲኩን ከስኩተሯ ላይ ገፈፈ።

ከሊል ሄልሜቱን አጠለቀለት። «አባያዋን ሰብስባ ትቀመጥበት» አለው በጆሮው። ለዚህ ጊዜ እንኳ አልቀለደም።

ከከተማው እስኪወጣ ድረስ ተውፊቅ የነዳው በጥርሱ ነው ማለት ይቻላል፤ እንደዚያ ነበር የነከሰው። በሕራ የምትባለው ከተማ እስኪደርስ የጭነት መኪና ባለፈው ቁጥር ነፋሱ ስኩተሯን ወደ ጠርዝ ይገፋታል፤ እሱም ትከሻውን ይሰበስባል። የተሰበረው እግሩ ከጉልበቱ በታች ይጠዘጥዘዋል። አስፋልቱ ላይ አሸዋ ባየ ቁጥር ዞሮ ያልፈዋል። ምክንያቱን አያውቀውም፤ የጣለው ጨርቅ ነው፣ አሸዋ ምን አድርጎት? እያለ ራሱን ይገሥጻል።

ፍተሻው ጋ ወታደሩ ኢቃማውን ተቀበለና ፊቱን አየው። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል።

«ማሪድ?» አለው፤ ታመሃል ወይ ማለቱ ነው።

«እግሬን ነው» አለ ተውፊቅ በተሰባበረ ዐረብኛ። «ተሰብሮ ነበር።»

ወታደሩ እግሩን አየ፣ ባዶውን የኋላ ወንበርም አየ። «ያላ፣ ሩሕ» ብሎ እንዲሄድ ካርዱን መለሰለት።

ጎማ ቤቱን ሲያገኘው መጀመሪያ ያየው ጥቁር ጨርቅ ነው። ፎዚያ ከአሮጌ ጎማዎች ክምር ጀርባ ኩርምት ብላለች፤ ከንፈሯ ደርቋል። እያነከሰ ሲመጣ አይታ ተነሣች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ነድተህ መጣህ?»

«ምን ላድርግ፣ ልብረር? ቶሎ በይ፣ ውጪ። ወደ መካ ነው የምንመለሰው፣ በዚያ በኩል ፍተሻ የለም። ቆይ... አባያሽን።»

የታመመ እግሩን እየጎተተ ተንበረከከ። የአባያዋን ጫፍ ሰብስቦ ከሥሯ ሊያስገባው ያዘው። ከዚያ እጁ ቆመ። አባያው ያው የጥንቱ ነው፤ ገና ሳይወድቁ እጅጌው ተተርትሮ በአረንጓዴ ክር የሰፋችው፣ ክሩ አሁንም አለ። ጫፉን በጣቶቹ መካከል እያሳለፈ ዙሪያውን ዞረው። አልተቀደደም። አልተጣፈም። የፋብሪካው ስፌት እንዳለ ነው። ጎማ የጠመጠመው፣ ሁለት ሰው አንሥቶ የወረወረ ጨርቅ እንዲህ አይሆንም።

«ያን ቀን ሌላ ነበር የለበስሽው?»

ፎዚያ ጫፉን ከእጁ ልትነጥቅ ሞከረች።

«ፎዚያ፣ በአላህ። ይሄ ነው የዚያን ቀኑ?»

«አሁን ይሄ ይጠየቃል? ተነሥ!»

«ምንድነው የጣለን?»

ወደ መንገዱ አየች። ከሩቅ፣ ከሙቀቱ ውስጥ፣ ጣሪያው ላይ መብራት ያለው የጀዋዛት ነጭ መኪና ቀስ እያለ ይመጣል። ለመዋሸት የቀራት ጊዜ አልነበረም።

«አሸዋ ነበር» አለች። «ፋርማሲው ጋ የሚሠራ ሕንፃ ነበር፣ አሸዋው መንገድ ላይ ፈሶ። ቀስ በል አልኩህ። በፍጥነት ገባህበትና የፊቱን ፍሬን ጨመደድከው። አንተ ነህ የጣልከን።»

«ታዲያ ለምን...»

«ከሊል አስጠነቀቀኝ! ጥፋቱ የኔ ነው ካለ አይነዳም፣ አለቀለት አለኝ። አንተ ራስህን ስተሃል፣ እነሱ ደግሞ ምን ሆነ ምን ሆነ ይሉኛል። አባያዬ ነው አልኳቸው። ምን አለበት? እኔ ሞተር አልነዳ።»

ተውፊቅ እንደተንበረከከ ቀረ። ጥላዋ ሥር የሳቀው ሳቅ ሁሉ ተመልሶ ጆሮው ላይ ጮኸ። አንገቷን ደፍታ፣ የአባያዋን ጫፍ ጨምድዳ ስታልፍ ታየችው። አፈረ፤ አስፋልቱ ተከፍቶ ቢውጠው ደስ ባለው። ከኃፍረቱም በላይ ግን ፍርሃቱ መጣ። እጁን አየው። እሷን የጣለው ይሄ እጅ ነው። በዚሁ እጅ ነው አሁን የሚወስዳት።

ነጩ መኪና ቀረበ።

«ፈርቻለሁ» አለ ተውፊቅ። በትዳራቸው ይህን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም።

«እኔም ፈርቻለሁ» አለች ፎዚያ፤ ተራምዳ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አባያዋን ራሷ ሰብስባ ከሥሯ አደረገች። «ና፣ ውጣ። ቀስ በል ስልህ ግን ዛሬ ስማኝ።»

ወጣ። አስነሳ። ከጎማ ቤቱ ጀርባ ወደ አስፋልቱ ሲገቡ መኪናው ከኋላቸው ነበር። ስፖኪዮው ውስጥ ገባ፣ አደገ፣ አልወጣም አለ። ባልና ሚስት መሆናችንን ብቻ አይተው ይለፉን እያለ ተውፊቅ በሆዱ ዱዓ ያደርጋል። የፎዚያ እጆች ወገቡ ላይ ጠበቁ። መንገዱ ወደ ቀኝ ታጠፈ፤ እጥፋቱ ላይ ደግሞ ነፋስ ያመጣው አሸዋ ከዳር እስከ ዳር ተኝቷል።

«አሸዋ» አለች በጆሮው። «ቀስ በል።»

የቀኝ እጁ ጣቶች ብቻቸውን ወደ ፊቱ ፍሬን ሄዱ። ያኔም እንዲሁ ሄደው እንደነበር በዚያች ቅጽበት አወቀው፤ አረንጓዴው መብራት፣ ጭብጡ፣ የተንሸራተተው ጎማ፣ ሁሉም ከነስሜቱ መጣለት። ጣቶቹን በግድ አላቀቃቸው። ነዳጁን ለቀቀ፣ የግራውን፣ የኋላውን ፍሬን፣ በስሱ ያዝ አደረገ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ አሸዋው ውስጥ ገባ። ስኩተሯ ከሥራቸው ዋለለች። የኋላው ጎማ አንዴ ወደ ግራ ሸሸ። እሱ ግን አልጨመደደም። ከዚያ አስፋልቱ ተመለሰ። ነጩ መኪና ከኋላቸው ትንሽ ተጉዞ ወደ አንድ ማደያ ታጠፈ።

መካ፣ የማዳም ሕንፃ በር ላይ፣ ፎዚያ ወርዳ አባያዋን አራገፈች። ዘበኛው ያውቃታል፤ በሩን ከፈተላት። የመኖሪያ ፈቃዷ ከላይ፣ ማዳም ጋ ተቆልፎበት ነው። ተርፋለች። ተውፊቅ ሞተሩን ቢያጠፋም ከመሪው ላይ እጁን ማንሳት አልቻለም።

ስልኩ ጮኸ። ከሊል ነው። ሞተረኞቹ ሁሉ እንደሚሰሙ ከጀርባ በሚመጣው ጫጫታ ያስታውቃል።

«አገኘሃት? አባያዋን አሰርክ?»

ተውፊቅ ስልኩን ድምፁ ወደ ውጭ እንዲሰማ አደረገው። ወደ ውስጥ ልትገባ የነበረችው ፎዚያ ዞር አለች፤ አትበል ብላ ራሷን ወዘወዘች።

«ስማኝ ከሊል። ለሁሉም አሰማልኝ። አባያው ነክቶን አያውቅም። እኔ ነኝ በፍጥነት አሸዋ ውስጥ ገብቼ የጣልኳት። ሚስቴ ላይ የሚስቅ ካለ እኔን አግኝቶ ይሳቅ።»

ከሊል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ።

«እና አሁን... ይሄን ካልክ በኋላ፣ መንዳት የምትችል ይመስልሃል?»

ተውፊቅ ፎዚያን አየ። አፏን በአባያዋ እጅጌ ሸፍናለች፤ አረንጓዴው ክር ጉንጯ ላይ ነው።

«መካ ድረስ ነድቼ እኮ ነው የማወራህ» አለው።