ሳትጠየቅ የተናገረችው

ጋሼ አንቀጽ ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጪ፣ አንድ ዘንጉ በተሰበረ ጃንጥላ ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ ይጽፋሉ። እውነተኛ ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር የሕግ አንቀጽ ስለሚጠቅሱ ቅጽል ስሙ በዚያው ጸና። ልብስ ሰፊዋ ፊታቸው ያለው በርጩማ ላይ ስትቀመጥ ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም።

«በይ፣ እንደገና» አሉ።

«ክብርት ዳኛ፣ እኔ የልጅቷ አክስት ነኝ። እናቷ ታናሽ እህቴ ነበረች፤ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። አባትየው ያኔ…»

«አባትየው አይባልም። እሱ አመልካች ነው፣ አንቺ ተጠሪ ነሽ። እዚያ ውስጥ አባትም አክስትም የለም።»

«አመልካች ያኔ በጭነት መኪናው እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። ዘንድሮ ሚስት አግብቶ፣ ቤት ይዞ፣ ልጄን ስጡኝ ብሎ መጣ።»

«‹ብሎ መጣ› የምትይውን እንደ ስድብ አታድርጊው። ዳኛዋ ጆሮ አላት።»

ጠበቃ ማቆም ከአቅሟ በላይ ነበር። ነፃ ድጋፍ የሚሰጠው ቢሮም ተራዋ የሚደርሰው ከቀጠሮዋ ቀን በኋላ መሆኑን በትሕትና ነግሯታል። ስለዚህ ሁለት ወር ሙሉ ምሳ ሰዓቷን እዚህ በርጩማ ላይ አሳለፈች። መልስ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ማስረጃ በስንት ቅጂ እንደሚገባ፣ ምስክር እንዴት እንደሚጠየቅ ተማረች። ዳኛዋ አንገቷን ደፍታ ስትጽፍ መናገር እንደማይገባም ተማረች። ከሁሉ በላይ ግን ጋሼ አንቀጽ አንድ ነገር ደጋግመው ነግረዋታል፤ ያልተጠየቅሽውን አትመልሺ፣ የተጠየቅሽውንም በልኩ።

«የክንዷ ጠባሳስ ነገር?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ሽማግሌው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «አቤቱታው ላይ ተጽፏል?»

«አልተጻፈም። እሱ መቼ ያውቅና።»

«እንግዲያው ማን ጠየቀሽ? ዝም ማለት መዋሸት አይደለም፣ ልጄ። ነገር ተኝቶ ሳለ ጎትቶ የሚያስነሳ ሰው፣ ሲረግጠው ማንንም አይውቀስ።»

የልብስ ስፌቱ ቤት ሦስት መኪናዎች፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛና ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ጎኑ የተሰነጠቀ መስተዋት ነበረው። ከሰዓት በኋላ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል፣ ቁልፍና ዝምዝማት የምትሠራው ባልደረባዋ የጥቁር ገበር ቁራጭ እንደ ዳኛ ካባ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ጠረጴዛውን በመቀስ እጀታ መታች።

«ተጠሪ! ተነሺ። ልጅቷን ምን ትመግቢያታለሽ?»

«የተገኘውን።»

«ተሳስተሻል! ‹የተመጣጠነ ምግብ› ነው የሚባለው። ሬዲዮ አትሰሚም እንዴ? ሌላ ጥያቄ፤ ባል ለምን አላገባሽም?»

«ይኼን ዳኛ ትጠይቃለች?»

«ዳኛ ባትጠይቅም እኔ መስማት እፈልጋለሁ።»

ሁለቱም ሳቁ። በጨርቅ ክምሩ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን የምትሠራው ልጅም አብራ ሳቀች። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቅጥነቷን አይተው «ጭራሮ» ይሏታል።

«እኔንም ጠይቁኝ» አለች።

«አንቺ ምስክር አይደለሽም።»

«ምንድን ነኝ ታዲያ?»

ባልደረባዋ ገበሩን ከትከሻዋ አውርዳ አጠፈችው።

ልብስ ሰፊዋ የሽማግሌውን ምክር ሌላ ሌላውን ሁሉ ተቀብላ ይህን አንዱን ግን መዋጥ አቃታት። እሷ የተማረችው ሌላ ነበር። ሙያውን ያስተማሯት ሴትዮ፣ ያለቀ ልብስ ለደንበኛ ከመሰጠቱ በፊት ጉድለቱ በጠመኔ ተከቦ እንዲታይ ያስገድዷት ነበር። «ደንበኛዋ ቤቷ ሄዳ ካገኘችው ሌባ ነሽ፤ ቀድመሽ ካሳየሻት ባለሙያ ነሽ» ይሉ ነበር። ሃያ ዓመት እንዲህ ሠርታለች። እጅጌው በአንድ ጣት ያነሰባትን ደንበኛ፣ ራሷ ጠቁማ ስላሳየቻት ብቻ ለዘለቄታው ያተረፈችበት ጊዜ ብዙ ነው። ዳኛም ሰው ናት ስትል አሰበች። ጠባሳውን ሌላ ሰው ካገኘው እኔን ምን ይሉኛል?

የቀጠሮው ቀን ችሎቱ ካሰበችው ጠባብ ሆኖ አገኘችው። አንድ ክፍል፣ ሦስት አግዳሚ ወንበር፣ መስኮቱ ላይ የሚንቀጠቀጥ ማራገቢያ። ዳኛዋ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ቶሎ ቶሎ ትናገር ነበር። አመልካች ከጠበቃው ጎን ተቀምጧል፤ የሹፌር እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ጸጉሩን ተቆርጦ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ። የሸሚዙ የአንገት ስፌት መጣመሙን ሳትፈልግ አየች።

ነገሩ በደኅና ሄደ። የክትባት ካርዱን፣ የትምህርት ቤት ውጤቱን፣ የክፍል ኃላፊዋን ደብዳቤ በተራ አቀረበች፤ ሦስት ሦስት ቅጂ። የአመልካችን ምስክር፣ ወንድሙን፣ ስትጠይቅም ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። «ልጅቷ ስንተኛ ክፍል ናት?» አለችው። የአመልካች ወንድም ጣሪያውን አየ፤ ጠበቃውን አየ፤ «አንደኛ… ወይ ሁለተኛ» አለ። ዳኛዋ አንድ ነገር ጻፈች። ከኋላ የተቀመጠች የማታውቃት ሴት «እሰይ» ስትል ተሰማ።

«የሚጨምሩት አለ?» አለች ዳኛዋ፣ መዝገቡን ልትዘጋ እጇን ሽፋኑ ላይ አድርጋ።

ጋሼ አንቀጽ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥተዋት ነበር፤ የለኝም፣ ክብርት ዳኛ።

«አንድ ነገር አለ» አለች። «ፍርድ ቤቱ ከሌላ ሰው ከሚሰማው ከእኔ ቢሰማው ይሻላል። ልጅቷ ግራ ክንዷ ላይ የካውያ ጠባሳ አላት። የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። እኔ ደንበኛ ላናግር ዞር ስል ካውያውን ነካችው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሹፌሩ ከወንበሩ ቀና አለ። ልብስ ሰፊዋ ግን ቀለል አላት፤ አሁን ሁሉም ያውቃል፣ አሁን ያምኑኛል አለች በልቧ።

ዳኛዋ መዝገቡን መልሳ ከፈተችው። «ሐኪም ቤት ወስደዋታል?»

«አዎ።»

«ያንኑ ዕለት?»

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ባልደረባዋም፣ ሽማግሌውም፣ ራሷም።

«በማግስቱ።»

«ለምን በማግስቱ?»

«ቅባት… ቅባት ቀብቻት ነበር።»

«ጥያቄው ለምን ያንኑ ዕለት አልወሰዷትም ነው።»

«የሆቴል ሠራተኞች ልብስ ነበር፤ ሃያ አራት ኮት። ጠዋት ነበር የሚረከቡት። ልጅቷ እያለቀሰች ሳለ እኔ እሰፋ ነበር፣ ክብርት ዳኛ።»

የአመልካች ጠበቃ ብድግ አለ። ድምፁ ትዕቢት አልነበረበትም፤ ያዘነ እንኳ ይመስል ነበር። «ተጠሪዋ በራሷ አንደበት ያመነችው እንዲመዘገብልን» አለ። ተመዘገበ።

ትእዛዙ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተነበበ። የመጨረሻው ውሳኔ እስኪሰጥ፣ ለሦስት ወር፣ ልጅቷ ከአባቷ ጋር ትቆያለች። አክስቷ እሑድ እሑድ ታያታለች። የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ሁለቱንም ቤት ጎብኝቶ ሪፖርት ያቀርባል። ርክክቡ ቅዳሜ ጠዋት ነው።

ጋሼ አንቀጽ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር። ወሬው ቀድሟት ደርሷል።

«ካፍ ከወጣ አፋፍ» አሉ። «ሁለት ወር ያስተማርኩሽ ይኼን ነው?»

«እውነቱን ነው የተናገርኩት፣ ጋሼ።»

«እውነት አይደለም መች አልኩሽ?» ቁጣቸው ወዲያው ወረደ። «ሦስት ወር አለን። በይ፣ ሪፖርቱ ነው የሚወስነው። እዚያ ቤት ካልተመቻት፣ ካለቀሰች፣ ካመማት ባለሙያው ይጽፋል። አንቺ ዝም ብለሽ ጠብቂ። ገባሽ? ዝም ብለሽ።»

ሽማግሌው ወደ ጃንጥላቸው ሲመለሱ ሹፌሩ ብቻውን ወደ እሷ መጣ።

«እታለም» አላት። እህቷ በሕይወት ሳለች እንዲህ ነበር የሚጠራት፤ አራት ዓመት ሙሉ አልሰማችውም። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«የት ብዬ?»

አንገቱን ደፋ። ከሸሚዝ ኪሱ እስክሪብቶ አወጣ፤ የቀጠሮውን ወረቀት ገልብጦ ግድግዳው ላይ ደገፈው። «የማላውቀውን ንገሪኝ። ምን ትበላለች፣ ምን ያስፈራታል… እኔ ክፍሏን እንኳን አላውቅም። ወንድሜን ስትጠይቂው እኔም በልቤ አንደኛ ክፍል እያልኩ ነበር።»

ነገረችው። ሁለተኛ ክፍል ናት። ውሻ ትፈራለች። ወተት ሆዷን ይነፋታል። ጫማዋ ከላይ ሲያዩት ደኅና ቢመስልም ጠቧታል። ስትዋሽ ጆሮዋን ትነካለች። እሱ በትልልቅ ፊደል፣ ቀስ እያለ ጻፈ።

«ሌላስ?»

ሌላ ነበር። ጭራሮ አዲስ ቦታ ካደረች ፍራሽ ታረጥባለች። እናቷ በሞተች ሰሞን ነው የጀመራት፤ ከቤቷ ካልወጣች ደርቃ ነው የምትነሳው። አዲሷ ሚስት በማለዳ አንሶላውን ስትገልጥ ምን እንደምትል፣ ባለሙያውም ሲመጣ ምን እንደሚጽፍ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታያት።

«የለም» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት የልጅቷን ልብስ በሻንጣ ስታስገባ ጭራሮ ከኋላዋ መጥታ ቀሚሷን ያዘች።

«እቴቴ፣ ያንን ነገርሽው?»

«ምኑን?»

«ያንን።»

«አልነገርኩትም።»

«አትንገሪው እሺ? ሽንታም ይለኛል።» ጆሮዋን አልነካችም። «ውኃ አልጠጣም። ቁጭ ብዬ አድራለሁ፤ እንቅልፍ አልተኛም።»

«ሦስት ወር ሙሉ?»

«እችላለሁ» አለች ልጅቷ።

የጭነት መኪናው መንገዱ ማዶ ቆመ። ሹፌሩ ሻንጣውን ተቀበለ፤ ጭራሮን አቅፎ ከፍታ ባለው ወንበር ላይ አስቀመጣትና በሩን ዘጋ። ልብስ ሰፊዋ እጇን አውለበለበች። መኪናው ሲነሳ ግን እግሯ ቀድሟት መንገድ ገባ፤ የሞተሩን መከለያ በመዳፏ መታች። ሹፌሩ ደንግጦ ወረደ።

ወደ መኪናው ጀርባ ወስዳ ነገረችው። አጥፋ የያዘችውን የፍራሽ ላስቲክም ከሻርፗ ሥር አውጥታ ሰጠችው። «አንሶላው ሥር ታነጥፈዋለህ። ስትነሳ ምንም አትበሏት። ውኃም እንዳትከለክሏት።»

ይቆጣል፣ ወይ ይጸየፋል ብላ ጠበቀች፤ ቢሆን በወደደች። ሹፌሩ ላስቲኩን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ።

«እኔም እስከ አሥር ዓመቴ ድረስ…» አለ፣ አንገቱን እየነካካ። «አባቴ በቀበቶ ይገርፈኝ ነበር። ከእኔ ነው የወረሰችው ማለት ነው። አይዞሽ እታለም፣ እኔ እነጥፈዋለሁ። ሚስቴም አትሰማ።»

ሦስት ወር ሙሉ ልትይዘው የምትችለው አንድ ምስጢር ነበራት፤ አሁን ግን በሹፌሩ እጅ ነው፤ ይባስ ብሎ የያዘበት አያያዝ ደግሞ ክፉ አልነበረም። ሹፌሩ ላስቲኩን ሸሚዙ ውስጥ ሸጎጠና ወደ ፊት ሄደ።

የመኪናው የጎን መስተዋት ወደ ኋላ የዞረ ነበር። ጭራሮ በእሱ ውስጥ ሁሉንም አይታለች። ልብስ ሰፊዋ ወደ መስኮቱ ተጠግታ ስሟን ጠራች። ልጅቷ የመስኮቱን መስታወት አጥብቃ ዘጋች፤ ፊቷን ወደ ሹፌሩ ወንበር አዞረች፤ መኪናው ከመታጠፊያው እስኪሰወርም ዞር ብላ አላየቻትም።

የምታያት እሑድ ገና ስምንት ቀን ይቀረው ነበር። የርክክቡ ማግስት እሑድ በትእዛዙ አይቆጠርም።