የወርቅቱ ቀይ ድንች

የቢፍቱ እናት ወርቅቱ ከጌዶ ወደ ጀልዱ ስትዳር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችው ቀይ ድንች ነበር። ስንት ፍሬ እንደነበረ ቢፍቱ ጠይቃ አታውቅም። እሷ የምታውቀው ከቤቱ በላይ ያሉትን አራት መስመሮች ነው፤ ቅጠላቸው ጠቆር ያለ፣ አበባቸው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ። ድንቹ ሲቀቀል ልጡ ይሰነጠቅና ውስጡ ቢጫ ሆኖ ይታያል። አምቦ ሳይንስ ማስተማር ከጀመረች ወዲህ ገበያ በወጣች ቁጥር የድንች ክምር ፊት ታጎነብሳለች፣ ታገላብጣለች፣ ትታው ትሄዳለች። ሻጮቹ "ይቺ መምህርት ድንች ነው ባል ነው የምትመርጠው?" እያሉ ይስቁባታል።

እናቷ በ2006 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሞተች። በዚያው ዓመት ከቀዩ ድንች ዘር እኩሌታው በስብሶ አንድ ቅርጫት ብቻ ተረፈ። በዓመቱ ደግሞ የበልጉ ዝናብ ቀረ።

ቢፍቱ ለፋሲካ ወደ አገሯ ስትሄድ፣ መኪናው ከጊንጪ ሽቅብ ሲወጣ በመስኮት ያየችው ምድር ሚያዝያን ሳይሆን ጥርን ይመስል ነበር። ቤት ስትደርስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ አራቱ መስመሮች ወጣች። ቀትር ነበር። የእናቷ ድንች ቅጠሉን እንደ እርጥብ ጨርቅ ጥሎ አፈሩ ላይ ተኝቷል። ከታች ባለው ሰፊ ማሳ ግን አባቷ የዘራው ነጩ ምርጥ ዘር ድንች ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ በመካከሉ መንደሩ በተራ የሚጠቀምበት የምንጭ ውሃ በቦይ ያልፋል።

"አባ፣ ላይኞቹን አታጠጣቸውም እንዴ?" አለችው።

አባቷ ተሬፋ ዶማውን ተደግፎ ቆመ። "የእናትሽ ድንች ውሃ አይጠጣም።"

"ውሃ የማይጠጣ ድንች የለም! ድንች ከመሬት በታች ፍሬ የሚቋጥረው አበባው ሊወጣ ሲል ነው። አሁን ከተጠማ ምን ይቋጥራል? ዘሩ እኮ ይኸው ብቻ ነው።"

"ነው" አለ። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ስለ እሷ የሚነሳ ወሬ ሁሉ እንዲህ ባለ አንድ ቃል ያልቃል።

ቢፍቱን ያን ሌሊት ሲከነክናት አደረ። አባቷ የሚያበላውን ማሳ መርጦ እናቷን የሚያስታውሰውን ጥሎታል ብላ ደመደመች።

በማግስቱ፣ የፋሲካ ዋዜማ፣ የውሃው ተራ የእነሱ ነበር። አባቷ በግ ሊገዛ በማለዳ ወደ ጎጆ ከተማ ገበያ ወረደ። ቢፍቱ ቀሚሷን ሰብስባ የአባቷን ዶማ ያዘችና ቦዩን ከቤቱ በላይ በአፈር ደፍና ውሃውን ወደ ላይኞቹ መስመሮች መለሰችው። የተሰነጠቀው መሬት ውሃውን ሲጠጣ ድምፁ ይሰማ ነበር። ጎረቤታቸው አደ ሃቦኔ እንስራቸውን አዝለው ሲያልፉ ቆም አሉ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ለወርቅቱ ድንች ውሃ? ጉድ ነው! እሷ ብትኖር በዚያ ዶማ ትከተልሽ ነበር።"

"እሷ ብትኖር እኔ ዶማ አልይዝም ነበር፣ አደ።"

"እሱስ እውነትሽን ነው" ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ሦስቱ መስመሮች ጠጥተው ውሃው አራተኛው ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከላይ ተራ አስከባሪው ኦቦ ሮባ ዘግተውት ነበር።

"ኦቦ ሮባ! ትንሽ ይጠብቁኝ፣ ውሃው ጫፍ አልደረሰም!"

"ተራሽ አልቋል! የምንጩ ውሃ የአምቦ ቧንቧ መሰለሽ?"

"ስምዎ ዝናብ፣ ሥራዎ ውሃ መከልከል!"

ሮባ በኦሮምኛ ዝናብ ነውና ሽማግሌው ሳቁ፤ ቦዩን ግን አልከፈቱም። ከአራተኛው መስመር መጨረሻ አሥራ አንድ እግር ድንች በደረቁ ቀረ።

ወደ ማታ አባቷ በጉን እየጎተተ መጣ። ከበሩ ላይ አስሮት፣ ሳይቀመጥ፣ ወደ መስመሮቹ ወጣ። ቢፍቱ ተከተለችው። የአራተኛው መስመር ጫፍ በድንግዝግዙ አይለይም፤ የሚታየው ድንች ሁሉ ቅጠሉን ዘርግቶ ቆሟል። እሷ ምርቃት ጠብቃ ነበር። አባቷ ግን ከማሳው ጥግ ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እናቷ ሲመሽ የምትቀመጥባት ድንጋይ ናት፤ ቢፍቱ ልጅ ሆና ደክሟት የምታርፍ ይመስላት ነበር።

"ሁሉም ቆሟል" አለ በመጨረሻ።

"ደስ አይልም?"

"ሁሉም ከቆመ የቱ መሆኑን በምን አውቃለሁ?"

ከኮቱ ኪስ ነጭ የክር ጥቅልል አወጣ። ቢፍቱ ክሩን አወቀችው። የእናቷ ነጠላ ጫፉ ሁልጊዜ የተመዘዘ ነበር፤ እሷም በልጅነቷ "እማ፣ ነጠላሽን አይጥ በላው?" እያለች ትስቅባት ነበር።

አባቷ አሁን ብዙ ተናገረ፤ ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ሲናገር ሰምታው አታውቅም። "በድርቅ ጊዜ ቀትር ላይ ሁሉም ይጠወልጋል። ሁሉም እኩል የደከመ ይመስላል። ፀሐይ ዘንበል ስትል ግን ከመካከላቸው አንዳንዱ ቀድሞ ቀና ይላል። እናትሽ እዚህች ተቀምጣ ያንን ነበር የምትጠብቀው። ቀና ያለው ላይ ክር ታስራለች። ሌላውን እንበላለን፣ ክር ያለውን ለዘር እናስቀምጣለን። ዛሬ ማታ ላደርገው ነበር።"

ቢፍቱ እግሯ ሥር ያለውን እርጥብ አፈር አየች። "ለምን አልነገርከኝም?"

"መምህርት አይደለሽ? የምታውቂ መሰለኝ።"

በዚህ ሊስቁም ሊያለቅሱም ይችሉ ነበር፤ ሁለቱም አልሆነላቸውም። ቀድማ የተነሳችው ቢፍቱ ናት። በአራተኛው መስመር እየሄደች አፈሩን በጣቷ እየነካች እርጥቡ የሚያልቅበትን ፈለገች። "አባ! ይኸው ደረቁ። አሥራ አንድ ናቸው።"

"ዛሬ መሽቷል። ነገ።"

የፋሲካ ዕለት እንግዳው ሁሉ በልቶ ጠጥቶ ገና ሳይሸኝ ሁለቱ ቀስ ብለው ወጡ። አደ ሃቦኔ ከበሩ ሆነው "አባትና ልጅ በዓመት በዓል ድንች ሊጠብቁ? አሳማ መጣ እንዴ?" አሉ። ድንጋይዋ ለአንድ ሰው ስለምትበቃ ቢፍቱ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ዝቅታ፣ ፀሐይዋ ከፊት ሆና፣ እያንዳንዱ ቅጠል ለብቻው ይታይ ነበር። ለረጅም ጊዜ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ከአሥራ አንዱ አምስተኛው፣ የሚያይ ሰው ከሌለ በማይታወቅ ዝግታ፣ ቅጠሉን ከአፈር አነሳ። ቆይቶ ስምንተኛው። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል የመጨረሻው ዳር ያለው። ሌሎቹ እንደተኙ መሸ።

አባቷ ክሩን ዘረጋላት። "እጅሽ የእሷን ይመስላል። አንቺ እሰሪ።"

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ለመቆፈር ተመልሳ መጣች። ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ደግሞ ደርቆ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ ድንገት ዘንቦ ነበር። ያጠጣቻቸው መስመሮች አንዴ ጠጥተው አንዴ ስለተጠሙ ጆሮና አፍንጫ ያበቀለ፣ ወገቡ የተሰነጠቀ ድንች ሰጡ። ልጅ ሳለች እናቷ እንዲህ ያለውን እየመረጠች አሻንጉሊት አድርጋ ትሰጣት ነበር። አንዱን አንስታ ጭቃውን በአውራ ጣቷ ጠረገችና ኪሷ ከተተችው።

ክር የታሰረባቸው ሦስቱ ብዙ አልሰጡም። የሰጡት ግን ትንንሽ፣ ድቡልቡል፣ ልጡ ጤነኛ ድንች ነበር። የእናቷን ነጠላ መሬት ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ ደረደረቻቸው።

"ስንት ሆኑ?" አለ አባቷ።

"አሥራ ሰባት" አለች፤ ድምፏ አነሰ። "አሥራ ሰባት ብቻ፣ አባ።"

አባቷ ጎንበስ ብሎ የነጠላውን አራት ጫፍ ሰብስቦ ቋጠረ።

"እናትሽ ይዛ ስትመጣ ዘጠኝ ነበሩ" አላት።