የካቴናው ሽፋን

አቶ ይበልጣል ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሁለት ነገር ጠንቅቀው እንደሚያውቁ ለሰው ሁሉ ይናገራሉ፤ ብስክሌታቸውንና የጋሞን ባህል። ብስክሌቷን በእርግጥ ያውቋታል። የባህሉን ነገር እንግዲህ እናያለን።

ብስክሌቷ ጥቁር፣ ቁመተ ረጅም፣ ፍሬኗ በገመድ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሠራ የድሮ እንግሊዝ ሠራሽ ናት። አቶ ይበልጣል ከጎጃም ተመድበው አርባ ምንጭ የገቡ ሰሞን፣ ገና ጎረምሳ ቀያሽ ሳሉ፣ መሥሪያ ቤታቸው ለሥራ ብሎ ሰጣቸው። ጡረታ ሲወጡ ደግሞ በጭብጨባ የራሳቸው አደረጋት። የሽልማቱ ፎቶ ሳሎን ተሰቅሏል። በፎቶው ላይ ሰውየው ከብስክሌቷ ጎን ደረታቸውን ነፍተው ቆመዋል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ባዩሽ ከዳር በመቆማቸው ግማሽ ፊታቸው ተቆርጧል። ወይዘሮ ባዩሽ ይህን እስከ ዛሬ አልረሱትም።

ጠዋት ጠዋት ቤታቸው ካለበት ከላይኛው ከተማ ከሴቻ ወደ ታችኛው ሲቀላ ይወርዳሉ። ቁልቁለቱን ብስክሌቷ እሳቸውን ትሸከማለች፤ በመልሱ ዳገቱን እሳቸው ብስክሌቷን ይገፋሉ። አላፊ አግዳሚው «ጋሼ፣ ባጃጅ ላይ ይጫኗት እንጂ» ሲላቸው እንደ ስድብ ይቆጥሩታል።

አንድ አመል ደግሞ አለባቸው፤ ኦርጅናል ያልሆነ ዕቃ ብስክሌቷን አይነካትም። ሲቀላ ገበያ አጠገብ ብስክሌት የሚጠግነው ጌዲዮን በዚህ አመል ስንት መከራ አይቷል። ከተራራው ላይ፣ ከኦቾሎ የመጣ የጋሞ ልጅ ነው፤ ትዕግሥተኛ።

«ጋሼ፣ የቻይናው እኮ ይገባል» ይላቸዋል።

«ይገባል! የቀኝ ጫማም እኮ ግራ እግር ላይ ይገባል» ይሉታል።

የፔዳሉን ጎማ ከምናለሽ ተራ አስፈልገው አስመጡ። የኮርቻውን ሞላ የአንድ የሞተ ፖስተኛ ቤተሰብ ጋ ደጅ ጠንተው አገኙ። ደወሉ ከዲላ፣ የኋላ መብራቱ ከጎንደር በአማቻቸው ሻንጣ መጣ። ጌዲዮን በታችኛው ብረት ላይ ያለውን ጣት የሚያህል ስርጉድ ልሙላው ቢላቸው እንኳ «ተው! ኦርጅናል ጠባሳ ነው» ብለው እጁን መቱት።

የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የካቴናው ሽፋን። ብስክሌቷን ሲረከቡም አልነበረም። ማሰሪያ ቀዳዳዎቹ ባዶአቸውን እንደተከፈቱ ዘመን አለፈ፤ ካቴናውም የአቶ ይበልጣልን ሱሪ ሁሉ ቀኝ ቀኙን በላው። ወይዘሮ ባዩሽ ሲጠቅሙና ሲያሳጥሩ ኖሩ። ጌዲዮን አንድ ጊዜ ከዘይት ቆርቆሮ አሳምሮ ሽፋን ሠርቶላቸው ነበር። አቶ ይበልጣል ገልብጠው ሲያዩት ከውስጥ በኩል «ኮሌስትሮል የሌለው» የሚል ጽሑፍ አነበቡ። ለሳምንት አኮረፉት።

እንዲህ ብለን እንሳቅባቸው እንጂ ነገሩ ለእሳቸው ቀልድ አልነበረም። ልጆቻቸው ርቀዋል፤ ጉልበታቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ የቀየሱትን መሬት ሁሉ ሌሎች ደግመው ቀይሰውታል። ከጉብዝናቸው ዘመን የቀረቻቸው ይቺ ብስክሌት ናት። እሷን ምንም ሳይጎድላት፣ ሙሉ ሆና ሳያዩ መሞት አይፈልጉም። ይህን ለወይዘሮ ባዩሽ አንድ ቀን ሲነግሯቸው ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ታዲያ ጌዲዮን አክስቱን ሊቀብር ኦቾሎ ወጥቶ ሲመለስ ሱቁን እንኳ ሳይከፍት ሴቻ መጣ።

«ጋሼ፣ ሽፋኑን አየሁት። አቶ ኤርጫፎ የሚባሉ ሽማግሌ ቤት፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጥቁር፣ ሙሉ፣ ኦርጅናል።»

አቶ ይበልጣል ተነሡ፤ ተቀመጡ፤ እንደገና ተነሡ። «ገዛኸው?»

«አይሸጥም አሉ። ለየትኛው ብስክሌት ነው ብለው ጠየቁኝ፤ ሴቻ ላሉ ጡረተኛ ቀያሽ ነው አልኳቸው። ከዚያ ቦርዴ አጠጥተው ሸኙኝ።»

አቶ ይበልጣል ሁለት ጊዜ ጌዲዮንን መልሰው ላኩት፤ ሁለቴም ቦርዴ ጠጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። የዚህን ጊዜ ነው የባህል እውቀታቸው የተቀሰቀሰው። ቀደም ባለው ጊዜ ወጣቶች ድንጋይ ይዘው ሴቻን ሊያተራምሱ ሲወጡ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው መንገዱ ላይ ሲንበረከኩ በዓይናቸው አይተዋል። ያ ሁሉ ወጣት ሳሩን አይቶ ድንጋዩን ጥሎ ተበተነ። አቶ ይበልጣል ከዚያ ቀን አንድ ትምህርት ቀስመዋል፤ በሳር የተለመነ ጋሞ እምቢ አይልም።

«ሳር ይዤ እሄዳለሁ» አሉ።

ጌዲዮን ደነገጠ። «ጋሼ፣ ሳር ዕቃ መለመኛ አይደለም እኮ። ጥፋት ሲኖር ነው፤ ጠብ ሲኖር፣ ደም ሲኖር ነው የሚያዘው።»

«ይህን ባህል ላንተ እኔ ነኝ የምነግርህ። ጥፋት ካስፈለገ እዚያው ስንደርስ አንድ አይጠፋም።»

ከግቢያቸው ሳሩን ራሳቸው አጨዱ። እርጥብ መሆን እንዳለበት ስለሚያውቁ በውኃ ነክረው በፌስታል ጠቀለሉት። ሽፋኑን እዚያው ለመግጠም ብስክሌቷም መሄድ ነበረባት። አይሱዙ ላይ ተጭና ሄደች፤ የመኪናው መንገድ ካለቀበት ደግሞ ጌዲዮን ሽቅብ ገፋት። የአባያ ሐይቅ ከታች ቀልቶ ተዘርግቷል። አቶ ይበልጣል በየድንጋዩ እያረፉ፣ «ይህን ሁሉ ቀይሼዋለሁ» እያሉ ወጡ።

ሽማግሌዎቹ ዱቡሻ በሚሉት የሸንጎ ቦታቸው የድንበር ክርክር እየሰሙ ነበር። አቶ ይበልጣል ፌስታሉን ፈቱ፣ ሳሩን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ከመሀል ገብተው ተንበረከኩ። ክርክሩ ቀጥ አለ። ተከራካሪዎቹ ሳይቀሩ ዞረው አዩዋቸው። አንዱ ሽማግሌ በጋሞኛ ጠየቁ፤ ጌዲዮን ተረጎመ።

«ማንን በድለው ነው የመጡት? ይላሉ።»

«አቶ ኤርጫፎን ፈልጌ ነው በል። ስለ ብስክሌቷ ነው በል።»

ጌዲዮን ይህን ሲናገር ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያ ብስክሌቷን አዩ። አንዱ ተነሥተው ዞሯት፤ ያንን ኦርጅናል ጠባሳ በጣታቸው ዳሰሱና አፋቸውን ያዙ። አቶ ኤርጫፎን ሊጠራ ሰው ሮጠ።

አቶ ኤርጫፎ ቀጭን፣ ጋቢያቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው። በዝግታ መጡ። ሳይጠየቁ ሽፋኑን ከግድግዳ አውርደው በብብታቸው ይዘዋል። ማንንም ሳያናግሩ ከብስክሌቷ አጠገብ ተቀምጠው ሽፋኑን በካቴናው ላይ አሳረፉት። ቀዳዳ ከቀዳዳ ገጠመ። በብረቱ ላይ ያለው ስርጉድም ሽፋኑ ላይ ሳይቋረጥ ቀጠለ፤ አንድ ድንጋይ፣ አንድ አወዳደቅ።

ኦርጅናልን እንደ አቶ ይበልጣል የሚለይ የለም። ማንም ሳይነግራቸው ገባቸው። ሳሩ እጃቸው ላይ ከበደ።

አቶ ኤርጫፎ በጋሞኛ ተናገሩ፤ ጌዲዮን ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ተረጎመ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ሸማ ሲሠሩ ኖረው በላባቸው የገዟት ብስክሌት ናት። በዚህ አገር የመጀመሪያዋ ነበረች። ታች ሜዳው ላይ ሲነዷት ወድቀው ሽፋኑ ተሰረጎደ፤ ፈትተው ሊያቃኑት ሲሉ የመንግሥት የዘመቻ ሰዎች መጡና «ለሦስት ቀን አውሰን» ብለው ብስክሌቷን ወሰዱ። ሽፋኑ ቀረ። ሦስቱ ቀን አላለቀም።

«አንድ ጊዜ ሴቻ አየሁዎት ይላሉ» አለ ጌዲዮን። «ነፋስ ሸሚዝዎን እየነፋው ቁልቁል ሲወርዱ። በዚያን ጊዜ የመንግሥት ሰው ማን ያስቆማል? ሰው ከሆነ አንድ ቀን ራሱ ይመጣል ብዬ ሽፋኑን ሰቀልኩት ይላሉ።»

ቀድሞ የጠየቁት ሽማግሌ መልሰው ጠየቁ። ጌዲዮን ወደ አቶ ይበልጣል ጎንበስ ብሎ አንሾካሾከ። «ለምን እንደመጡ ይናገሩ እያሉ ነው። ጋሼ፣ ምን ልበል? ሽፋኑን ሊለምኑ ነው ልበል?»

አቶ ይበልጣል አፈሩ። እንዲህ አፍረው አያውቁም። ያላወቁት ነገር ነው፤ ግን አለማወቃቸው ራሱ አሳፈራቸው። አንድም ቀን «ከማን ነው?» ብለው አልጠየቁም፤ የሞላዋን አገር ያውቃሉ፣ የደወሏን አገር ያውቃሉ፣ የእሷን አልጠየቁም። እውነቱን ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ልመልሳት ነው የመጣሁት በል» ሲሉ አንሾካሾኩ። «ሽፋኑን አታንሣ።»

ጌዲዮን ተረጎመ። ሸንጎው ተነቃነቀ። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ መረቋቸው፤ ጉልበታቸው አልዘረጋ ስላለ ሁለት ሰው ደግፎ አነሣቸው። ባለድንበሮቹ እንኳ በዚህ ምሳሌ ልባቸው ተነክቶ ክርክራቸውን ተዉ። አቶ ኤርጫፎ ኮርቻው ላይ ወጡ፤ ልጆቻቸው ግራና ቀኝ ይዘው ሸንጎውን አዞሯቸው፤ ደወሉን ሲመቱት እንደ ሕፃን ሳቁ። ቁሌት የተደረገበት ቆጮ ቀረበ፤ ሁለቱ ባለጉዳዮች ከአንድ ገበታ በሉ። አቶ ይበልጣል ሦስተኛ ቦርዴያቸውን ሲጠጡ፣ ከመጀመሪያውም ብስክሌቷን ሊመልሱ እንደመጡ ሊያምኑ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ሙሉ ሆና አይተዋታል፤ እሱም እውነት ነው።

ሊሰናበቱ ሲሉ አቶ ኤርጫፎ ብሎኖቹን ፈተው ሽፋኑን አነሡት። ወደ አቶ ይበልጣል ቀረብ ብለው፣ የሽሮ ሜዳ ሰው በሚናገረው ጥርት ያለ አማርኛ፦

«ይውሰዱት፣ አቶ ይበልጣል» አሉ።

አቶ ይበልጣል ድርቅ ብለው ቀሩ። ያንን ሁሉ ሹክሹክታ ሰውየው ሰምተውታል።

«ኧረ አይገባም… እኔ እኮ…»

«ለዚህ ነው የመጡት። ጌዲዮን ሦስት ጊዜ መጥቶ ነግሮኛል። በሳር የለመኑትን እንዴት ብዬ እከለክልዎታለሁ?»

በፊታቸው ላይ ክፋት አልነበረም። ትንሽ ፈገግታ ግን ነበረ።

ወይዘሮ ባዩሽ በር ላይ ጠበቋቸው። ሽፋኑን አዩ፤ ከዚያ ከባላቸው ኋላ ዓይናቸው ብስክሌቷን ፈለገ።

«ብስክሌቷስ?»

«ባለቤቷ ጋ ናት።»

ወይዘሮ ባዩሽ ነገሩን ሁሉ ሰሙ። ሳቅ አልመጣላቸውም፤ ባላቸው እንዲህ ጎብጠው ሲገቡ አይተው አያውቁም። እራት አቀረቡላቸው፤ ሱሪያቸውንም አዩ። «ቀኙ ከእንግዲህ ተረፈ» አሉ በለሆሳስ። አቶ ይበልጣል ፎቶውን ከምስማሩ አወረዱና በቦታው ሽፋኑን ሰቀሉት።

ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱን በእግራቸው እየወረዱ ሰነበቱ። አንድ ጠዋት ጌዲዮን ሳቁን አፍኖ መጣ።

«ጋሼ፣ አቶ ኤርጫፎ ብስክሌቷን አስፋልት ዳር ወዳለው ልጃቸው ቤት አውርደው በየቀኑ ይነዳሉ። ካቴናው ጋቢያቸውን በላው። ሁለተኛው ጋቢ ነው አሉ። ሽፋኑን ይሸጡልኝ እንደሆነ ጠይቅልኝ ብለውኛል።»

አቶ ይበልጣል ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። ሽፋኑ በየቀኑ ሲወለወል መስታወት መስሏል።

«አይሸጥም በላቸው።»

«ጋሼ!»

«አይሸጥም አልኩህ። ራሳቸው ይምጡ።»

«ሳር ይዘው?» አለ ጌዲዮን።

«ሳሩ ግቢዬ ውስጥ ሞልቷል» አሉ አቶ ይበልጣል። የሽፋኑን ባዶ ቀዳዳዎች በጣታቸው ዳሰሱ። «ብስክሌቷን ይዘው ይምጡ።»